ከመነፅሩ ውስጥ ያልወጣው ሰው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየወረድን ነው። ከኋላዬ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለው ሰው አስተማሪ መሆኑን ሲሰሙ ድምፃቸው ጠነከረ።

"የልጄ የሰይድ አስተማሪ እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ትምህርቱን ጥሎ ቪዲዮ ቤት ሲገባ ሊያወጡት የተላኩት?"

"አዎ።"

"ሲገቡ የአስር ሶላት ሰዓት ነበር አሉ። ሲወጡ መግሪብ፣ ፀሐይ ጠልቃ።"

"ውስጡ ጨለማ ነው። ልጁን ስፈልግ..."

"አጠገቡ ነበር የተቀመጡት።"

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እኔ ልጄን ገርፌዋለሁ። እርስዎን ማን ይግረፍ?"

"አባቴ፣ ፊልሙ እኮ የረባ አይደለም። አክተሩ መነፅር ያደርግና ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ካራቴ ይማታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የሚሉት አገር ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት መጋዘን ነው። እያፈርኩ ነው ያየሁት።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

ሽማግሌው ሁለት ኩርባ እስክናልፍ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ።

"ልጁ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። መነፅሩ አልወልቅ ብሎት አክተሩ እዚያው ተይዞ ቀረ ሲለኝ ተቆጣሁ። ይህን ወሬ ዳግመኛ እንዳያነሳ ወላሂ አስባልኩት።"

"ደግ አደረጉ።"

"ደግ አላደረግኩም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን መሐላ አላስፈርሰው ነገር። ሰውየው ከዚያ ወጣ?"

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል መውረጃዬ ሲያልፈኝ በመስኮት እያየሁ የመምህሩን መልስ ልሰማ ቁጭ አልኩ።