ከደጃፉ የወጡት አራት ጄሪካኖች

ባትሪ ሠሪው ጋሽ ብልጭታ በዚህ ዓለም ላይ ከልቡ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር ፎርም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኪና ባትሪ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ አሲድ ያልበሳው ሸሚዝ የሌለው ሰው ነው። አሲዱን አይፈራም፤ ወረቀት ግን ያስፈራዋል። ብልጭታ የሚለውን ቅጽል ያገኘው ከባትሪው ይሁን ከቁጣው፣ በሰፈሩ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር ነው።

ሐሙስ ጧት አንዲት አሮጌ መኪና እያነጠሰች መጥታ ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች። የወረደችው የሰፈሩ መምህር ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ከዚሁ ሱቅ ፊት ገመድ ስትዘል ያደገች፣ ኋላም ኬሚስትሪ አጥንታ በከተማው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የአደገኛ ቆሻሻ መዝጋቢ የሆነች ልጅ ናት። ይህን የኋለኛውን ወሬ ጋሽ ብልጭታ አልሰማም። ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ገና መኪናዋን ሳያይ «ዛሬ ዝግ ነን» ይላት እንደነበር አልጠራጠርም።

«አንቺ! አድገሽ መኪና መንዳት ጀመርሽ?»

«መንዳት እንኳን አይባልም ጋሼ። ግማሹን መንገድ ሰው ገፍቶኝ ነው የደረስኩት። ደህና ነዎት? እትዬስ ደህና ናቸው?»

«እህቴማ እጇ አላስቀምጥ ብሏታል። ይላላጣል፣ ይቃጠላል። የዘንድሮ ሳሙና ሳሙና መሰለሽ? መርዝ ነው!» አለና መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችውን የቅባት ቆርቆሮ በአገጩ አመለከታት። «በየሳምንቱ አንድ አንድ እወስድላታለሁ። ከእናቴ ቀጥሎ ያሳደገችኝ እሷ አይደለችም እንዴ!»

ይህን እያለ ባትሪውን አወጣ፤ አሮጌውን አሲድ ከተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሠራው ማፍሰሻ ወደ ቢጫ ጄሪካን ገለበጠና ጄሪካኑን ከሌሎች ቢጫ ጄሪካኖች ጎን አቆመው። ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ ስለደረቀ እጁን የታጠበውም ከዚያው ረድፍ ካለ ሌላ ጄሪካን ነው። ልጅቱ ይህን ሁሉ ታያለች።

«ጋሼ፣ አሲዱ የቱ ነው? ውኃውስ የቱ ነው?»

«ቀይ ክዳን አሲድ፣ ነጭ ክዳን ውኃ። ሕፃን እንኳ ይለየዋል።»

«ሕፃኑን ማን ነግሮት?»

ጋሽ ብልጭታ ሳቀ። «እኔ አውቀዋለሁ፤ ይበቃል። ሁሉም እዚህ ነው የተመዘገበው፤» ብሎ ግንባሩን መታ መታ አደረገ።

«መዝገብ የሚለውን ቃል እርስዎ ማንሳትዎ ደስ አለኝ፤» አለችና ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ሳልነግርዎ መቅረቴ ትክክል አይሆንም፤ የምሠራው አካባቢ ጥበቃ ነው። ይህ የመመዝገቢያ ፎርም ነው። አዲሱ ደንብ ትንንሽ ሥራዎችንም ያካትታል። ከሥራው የሚወጣው አደገኛ ቆሻሻ ምን እንደሆነ፣ በወር ምን ያህል እንደሚሆን፣ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚወስደው ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ከደጅዎ በወጣ ቁጥር አብሮት የሚሄድ ወረቀት ይኖራል።»

ያን ጊዜ ጋሽ ብልጭታ እንደ ስሙ ብልጭ አለ።

«ወይ ጉድ! እኔን ከፋብሪካ ጋር? ፋብሪካው በቦቴ የሚያወጣ፣ እኔ በሳምንት አራት ጄሪካን!»

«በዚህ መንገድ ላይ ብቻ ስምንት ባትሪ ሠሪ አለ ጋሼ። ሁሉም አራት አራት ቢያወጡ በሳምንት ሠላሳ ሁለት ጄሪካን ነው። ፋብሪካው ቢያንስ አጥርና ዘበኛ አለው። የእናንተ ግን ከሰው ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው።»

«አሃ፣ ገባኝ! እኔ ተመዝግቤ፣ አድራሻዬን በገዛ እጄ ሰጥቼ፣ እናንተ በማግስቱ መጥታችሁ ልታሽጉብኝ!»

«መዝገቡ አሲዱን ለመያዝ እንጂ እርስዎን ለመያዝ አልወጣም። የሚያስጠይቅዎ መመዝገብዎ ሳይሆን አንድ ቀን አደጋ ደርሶ ‘የማን ነው?’ ሲባል ባለቤት መጥፋቱ ነው።»

«ልጄ፣ ስሚኝ። እኔ መንገድ ላይ የምደፋ ሰው አይደለሁም። ባለጋሪው በየሰኞው መጥቶ አራቱን ጄሪካን ይወስድልኛል። ባዶውን ደግሞ ለተቸገረ ስጥ ብዬዋለሁ፤ ውኃ መቅጃ የሌለው ስንት ቤት አለ! ከደጄ ከወጣ በኋላ ያለውን ባለጋሪው ይወቅ።»

«የት ነው የሚወስደው?»

«ወደሚወስድበት።»

ሰውየው ደግ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን የት እንደደረሰ የማይጠይቁት ደግነት እንዳለ ማወቅ አለብን። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለክፉ ሰው አይደለም፤ ለመሳም ለተነሳ ሰው ነው።

ልጅቱ አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ በእጇ ያዘችና «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ፤» አለች። «ሰኞ ዕለት የወጡት አራት ጄሪካኖች አሁን በማን እጅ እንዳሉ ካሳዩኝ፣ ይህን ፎርም እዚሁ ፊትዎ እቀደዋለሁ።»

«ትቀጂዋለሽ?»

«እቀደዋለሁ። ሁለተኛም ስለ መዝገብ አላነሳብዎትም።»

«በይ ተነሺ!» አለ፤ ቅባቱንም ኪሱ ከተተ። የእህቱ ቤት ከባለጋሪው ሰፈር ቅርብ ስለሆነ በዚያው ሊያደርስላት ነው። ሱቁን ቆልፎ ሲወጣ አካሄዱ የተፈረደለት ሰው አካሄድ ነበር።

ባለጋሪውን ያገኙት ከጋሪው ሥር ተንጋሎ ነው።

«ና ውጣ እስቲ! ሰኞ የወሰድካቸው አራቱ ጄሪካኖች የት እንደደረሱ ለዚች ልጅ ንገራት።»

ባለጋሪው እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ። «የትም አልደረሱም ጋሼ። መንገድ ላይ ጎማው ወለቀብኝ። ይኸው ሦስት ቀኔ፣ አልጠገን ብሎኛል።»

«ታዲያ ጄሪካኖቹስ?»

«እህትዎ ግቢ አስቀመጥኳቸው። የወንድም ዕቃ ከእህት ቤት ቢያድር ምን አለበት ብዬ ነው።»

«ምን እንደሆነ ነግረሃታል?»

«ቤት አልነበሩም። በሩን ገፋ አድርጌ ከውኃ በርሜላቸው ጎን ደረደርኩላቸው።»

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤» አለች ልጅቱ። «ጎማው ደህና ሲሆንስ የት ነበር የሚደፉት?»

ባለጋሪው ጋሽ ብልጭታን አየት አደረገ። «ከእህታቸው ግቢ ጀርባ ያለው ቦይ ውስጥ። ባዶ ጄሪካኖቹንም ብዙ ጊዜ የሚወስዱልኝ እህታቸው ናቸው። ጋሼ ራሳቸው ‘ለተቸገረ ስጥ’ ብለውኝ የለ? እትዬ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ያድሉታል።»

በጋሽ ብልጭታ ጆሮ ውስጥ የቀረው ‘ከውኃ በርሜላቸው ጎን’ የሚለው ብቻ ነው። ቧንቧ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የእህቱ በርሜል ደግሞ ትንሽ ናት፤ ከአንድ ቀን አታልፍም።

ሮጠ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ሮጠ። የቅባቱ ቆርቆሮ ኪሱ ውስጥ እየዘለለ ጭኑን ይመታዋል። ልጅቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላው ተከተለችው።

በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ እህቱ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ሳፋ ላይ አጎንብሳለች። ከጎኗ ቀይ ክዳኑ የተነሳ ቢጫ ጄሪካን ቆሟል።

«እትዬ! እጅሽን! እጅሽን እንዳታስገቢ!»

ቀና አለች። «ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ጅብ ያባረረህ ትመስላለህ!»

«ነክተሽዋል? ንገሪኝ፣ ነክተሽዋል?»

«ምኑን? ውኃውን? ገና ልጀምር ነው እንጂ መች ነካሁት። ጧት ከዚሁ ጄሪካን ቀድቼ አንሶላውን ዘፈዘፍኩት፤ አሁን ደግሞ ሲያንስ ጊዜ ጨመርኩበት። ይልቅ ይህን ጉድ እይልኝ! ገና ሳሙና ሳላደርግበት መሬቱ ራሱ ያረፋል።»

እውነትም ጄሪካኑ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰው ነገር እሽ እያለ አረፋ ይደፍቃል። ጋሽ ብልጭታ ዱላ አንስቶ የአንሶላውን ጫፍ ከሳፋው ውስጥ ከፍ አደረገ። አንሶላው እንደ ረጠበ ወረቀት ለሁለት ተበጠሰና ግማሹ ተመልሶ ወደቀ። እህቱ የተሰበሰበ እጅጌዋን ቀስ ብላ መለሰችው።

ባትሪ ሠሪው ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ፈርቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ አፈረ። የእህቱን እጅ ስቦ አገላብጦ አየው። መዳፏ ቀልቷል፣ ጣቶቿ መሐል ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ይህን እጅ ስንት ሳምንት ቅባት ሲቀባ አይቶታል፤ እንደ ዛሬ ግን አላየውም።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ባለጋሪው ጄሪካን ማምጣት ከጀመረ ወዲህ ነዋ። አስታውሳለሁ፣ ያኔ ነው ሳሙናዬን የቀየርኩት።»

«ባዶውን አጥበሽው ነበር?»

«ለቅለቅ አደርገዋለሁ። ከአንተ ቤት የመጣ ዕቃ ምን ብዬ እጠረጥራለሁ?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከአሲዱ በላይ በላችው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እዚህ ግን ሠሪው ሌላ፣ የተወጋው ሌላ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይኼው ነው። መዘዙ ራሱ ላይ ቢመለስ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ነቅቶ ነበር።

የመምህሩ ልጅ «ብዬዎት አልነበረም?» አላለችም፤ በዚህስ ተምራለች እላለሁ። ተከትሏቸው የመጣውን ባለጋሪ የሱቁን ቁልፍ አስይዛ ልካ ጋሽ ብልጭታ አሲድ የሚያበርድበትን የሶዳ ዱቄትና የላስቲክ ጓንቱን አስመጣች። እሱም ሥራውን ያውቃልና ሶዳውን ሲሚንቶውና ሳፋው ላይ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሰ፣ አረፋው እስኪያቆም ጠበቀ። ከዚያ ከሦስቱ ሙሉ ጄሪካኖች ፊት ቆመና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤» አለ ለራሱ።

«ጅቡ ገና አልሄደም ጋሼ፤» አለችው ልጅቱ። «እነዚህ ሦስቱ እዚህ አሉ። እትዬ ለጎረቤት ያደሉት ባዶም አለ። ሌላ ሰባት ሱቅም አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።»

«ያን ወረቀት አምጪው።»

«መጀመሪያ ‘አስረጂኝ’ ይበሉኝ፤ ደንግጠው እንዲፈርሙ አልፈልግም።»

«እሺ። አስረጂኝ።»

«ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር አራት ቅጂ ወረቀት ይወጣል። አንዱ እርስዎ ዘንድ ይቀራል፤ አንዱን ወሳጁ ይይዛል፤ አንዱን ተቀባዩ። አራተኛውን ተቀባዩ ‘ይህን ያህል ደርሶኛል’ ብሎ ፈርሞ ወደ እርስዎ ይመልሰዋል። በሠላሳ ቀን ካልተመለሰስ ምን ያደርጋሉ?»

«የት ገባ ብዬ እነሳለሁ።»

«ለእኛም ይነግሩናል። ዋናው ነገር ይኼ ነው። የእርስዎ ግንባር ብዙ ያውቃል ጋሼ፤ ግን ጋሪው ላይ አብሮ አይወጣም። ወረቀቱ ይወጣል።»

እህትየው ይህን ሁሉ ታዳምጥ ነበር። «እኔ እኮ ማንበብ አልችልም፤» አለች። «ወረቀት ቢኖርስ ለእኔ ምን ይጠቅመኝ ነበር?»

ልጅቱ ከቦርሳዋ ጄሪካን ላይ የሚለጠፍ ምልክት አውጥታ ሰጠቻት። ምልክቱ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ በላይ ግን ጠብታ የሚንጠባጠብበትና የተበላ እጅ ተስሏል። እህትየው ምልክቱን ከራሷ እጅ ጎን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይቺ እጅ የእኔን ትመስላለች፤» አለች።

ጋሽ ብልጭታ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ፎርሙን ሞላ። ‘በወር የሚወጣ መጠን’ የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ አሰበና «አሥራ ስድስት ጄሪካን። አንቺ፣ ብዙ ነው ለካ!» አለ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደምሮት አያውቅም ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእህቱ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ ለጎረቤት የታደሉትን ጄሪካኖች በሙሉ ሰበሰበ። በየደጃፉ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል የሰሙት ሰዎች፣ ብልጭታ የሚለውን ስም የሰጡት ለሌላ ሰው መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን ያየ ሰው ለውጡን ይመሰክራል። አሲዱ ከውኃው ተለይቶ በጥግ በኩል ጎድጎድ ያለ የፕላስቲክ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ጄሪካን ቀን ተጽፎበታል፣ የተበላችው እጅም ተለጥፋበታለች። ባዶው ለማንም አይሰጥም፤ ተበስቶ ከሌላው ጋር ይሄዳል። ባለጋሪው ተመዝግቦ፣ ሥልጠና ወስዶ፣ ባለክዳን የብረት ሣጥን ጋሪው ላይ አስገጠመ፤ አሁን የስምንቱንም ሱቆች አሲድ ጭኖ ከከተማው ዳር ወዳለው ማጣሪያ ያደርሳል። አሲዱ ከቦዩ ዳር ያደረቀው ሣር ተመልሶ አቆጠቆጠ። ሌሎቹን ሰባት ባትሪ ሠሪዎች ለመመዝገብ አንድ በአንድ እየጎተተ የወሰዳቸው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። «አራት ጄሪካን ምን አላት?» ላለው ሁሉ ያን የተበጠሰ አንሶላ ከመደርደሪያው እያወረደ ያሳየው ነበር።

የመጀመሪያው አራተኛ ቅጂ የተመለሰው በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ጋሽ ብልጭታ ወረቀቱን አጥፎ ቀድሞ ቅባቱን በሚይዝበት ኪስ ከተተና ወደ እህቱ ሄደ። እህትየው እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች፤ ቆዳው ገጥሟል፣ የቀረው ትንሽ ቅላት ብቻ ነው።

«ቅባቱስ?»

«ዛሬ ቅባት የለም። ይኼን ነው ያመጣሁልሽ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ መልሳም ሰጠችው።

«አንብብልኛ፣ አንተ ልጅ!»

ወረቀት ይጠላ የነበረው ሰው መነጽሩን አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አራት ወጣ፤» ብሎ አነበበላት። «አራት ደረሰ።»