ሃጂ ወዚር ያላኘኩት ገብስ

ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የጊኒሩ የከብት ነጋዴ ሃጂ ወዚር ሆነው አገኘኋቸው። ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ጠበቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። «ራሴን ሲነካው ያመኛል» አሉኝ። ጎሮ የሚሄዱት ከቀኝ ዓይናቸው ጎን በጥቶ መጥፎውን ደም በዋግምት የሚያወጣላቸው ሰው ዘንድ ነው።

የገብስ ቆሎ ጋበዙን። ራሳቸው ግን ጥቂት ያኝኩና ያቆማሉ፣ መንጋጋቸውን ያሻሉ፣ ደግሞ ይጀምራሉ። ከወዲያ ጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ቆሎውን ትታ እሳቸውን ታይ ጀመር። ዩስራ ትባላለች፤ የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ ጎባ የቤተሰብ ሐኪም ናት።

«አባባ፣ መንጋጋዎን ምን ሆነው ነው?»

«ጥቂት ሳኝክ ይዝላል፤ ሳርፍ ይተወኛል። እርጅና ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።»

«ዓይንዎስ?»

«ዛሬ ንጋት ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ቀኙ ጨለመብኝ። ወዲያው ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ።»

የዩስራ ፊት ተለወጠ፤ እኔም ፈራሁ።

«አባባ፣ ጎሮ ይቅርብዎ፤ አሁኑኑ ወደ ጎባ እንመለስ። የደም ሥር ብግነት ይመስለኛል። ብዙ ሰው የማይዝ፣ በዕድሜ የገፉትን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ሥሩ ሲያብጥ መንገዱ ይጠባል። ለዓይን የሚሄደው ደም ከተቋረጠ ዓይኑ ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም።»

«ተመለሰ አልኩሽ እኮ።»

«ለዛሬ ተመለሰ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አባባ።»

«ልጄ፣ አባቴ ራሱን ባመመው ቁጥር እየተበጣ ነው ሰማንያ የደፈነው። አንቺ መሣሪያ ሳትይዢ ሚኒባስ ውስጥ እንዴት አወቅሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ልክ መሰለኝ። ሚኒባሱ ግን ክርክር አይጠብቅም፤ ከጎባ እየራቅን ነበር።

ዩስራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ገበያ በሬ ሲገዙ መጀመሪያ ምን ያያሉ?»

«አፉን። ሲያመሰኳ ቆሜ አያለሁ።»

«መሃል ላይ እያቆመ የሚያርፍ ቢሆንስ?»

«በነፃ ቢሰጡኝ አልወስደውም።»

«እርስዎም ከሮቤ ከወጣን ጀምሮ አንድ ጭብጥ ገብስ አላምጠው አልጨረሱም። እኔም የማየው እንደ እርስዎ ነው። ራስ ምታት ብቻውን ቢሆን ዝም እል ነበር፤ የሚያመው የራስ ቆዳ፣ የሚዝለው መንጋጋ፣ የሚጨልመው ዓይን አብረው መጡ። እስቲ ጣትዎን በሁለቱም ዓይንዎ ጎን ያድርጉ።»

ዳሰሱ። በግራ በኩል ሥሩ ይመታል። በቀኝ በኩል እንደ ጠፍር ደርቋል፣ አይመታም።

«ወላሂ፣ ይህንን ነው ላስበጣው የነበረው» አሉ በቀስታ። ከዚያ ሾፌሩን «አቁምልን» አሉት።

ጎባ ሆስፒታል ስንደርስ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ እንኳ አልተጠበቀም፤ ብግነቱን የሚያበርደው መድኃኒት ያኑ ዕለት ተጀመረላቸው። ያን ዕለት ጎሮ ደርሰን ቢሆን ኖሮ ምን ይውጣቸው ነበር እያልኩ እስከዛሬ እሰጋለሁ።

በቀደም ጊኒር ገበያ አገኘኋቸው። ጥምጥሙ ጠብቋል፣ ሁለቱም ዓይኖች ያያሉ፤ መድኃኒቱንም ሐኪም ሳያዝ እንደማያቋርጡ ነገሩኝ። ይህን ስናወራ አንድ ሽማግሌ ቀርበው «ሰሞኑን ራሴን ይዞኛል» አሏቸው። ሃጂ ወዚር ዋግምት የሚባል ነገር አላነሱም። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡና «እስቲ ያኝኩ» ብለው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው አፍ አፋቸውን ያዩ ጀመር።

ሽማግሌው አላምጠው ጨርሰው ዋጡ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሃጂ። «ቢሆንም ሐኪም ይይዎት።»