ከጉብ አምባ ግንብ ሥር ያልነበረው ነጋሪት

ውሸት እንደ ዱባ ሐረግ ናት፤ ተክለሃት ዞር ስትል አጥር ዘላ የሰው ጓሮ ትገባለች። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔ ዋሴ ትምህርትን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት ባይ ነኝ፤ አስተማሪዎቼ ግን «እሱ ነው የተወህ» ይላሉ። ሥራዬ አይከል መናኸሪያ ቆሜ እንግዳ እየተቀበልኩ የጭልጋን አሮጌ ግንብና ደብር ማሳየት ነበር። ፈቃድ የለኝም፤ ምላስ ግን አለኝ። እንግዳው ከቀረ፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን መዘጋት ከጀመረ ወዲህ ምላሴ ሥራ ፈቶ ነበር። የቀድሞ ኃጢአቷን ያስታወሳት የአንድ ሽማግሌ ድጅኖ ነው።

ሐምሌ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ሰማዩ ገና አልጠገበም። ከአዘዞ ወደ አይከል በምትሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተጣበቅን፤ በመስኮቱ በኩል እኔ፣ መሐል አንዲት ቦርሳዋን ያቀፈች ወጣት፣ በወዲያ በኩል አዲስ ድጅኖ በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ ሽማግሌ። ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ፤ የጉብ አምባው አያ ህሩይ ናቸው። ሳያዩኝ በጋቢዬ ተሸፋፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ።

«አያ፣ ድጅኖውን ትንሽ ወደ እግርዎ ያዘንብሉልኝ፤ መኪናው ሲነቀንቀን ዓይኔን እንዳይወጋኝ» አለች ልጅቱ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ዛሬ ነው የገዛሁት፤ ገና አልተገራም።»

«ለውሃ ጉድጓድ ነው?»

«ለጉድጓድስ ለጉድጓድ ነው። ውሃ ግን አይደለም የሚወጣበት።» አያ ህሩይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ማለታቸው ግን እስከ ሾፌሩ ይሰማ ነበር። «ከአገራችን ግንብ ሥር ነጋሪት አለ። የወርቅ!»

ጋቢዬ ውስጥ ቀዘቀዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ወደ ጉብ አምባ ወሰድኩ። ግንቡ ጣሪያ የለውም፤ አራት ማዕዘን፣ ቁልቋልና የፍየል በጠጥ ብቻ። እንግዳው ማዛጋት ጀመረ። እንግዳ ሲያዛጋ ምሳዬ ማዛጋቷ ነው። ስለዚህ «ጌታዬ፣ አንድ ንጉሥ ሲሸሽ ሦስት በቅሎ የሚሸከመው የወርቅ ነጋሪት ከዚህ ማዕዘን ሥር ቀብሯል፤ ዓርብ ዓርብ ዶሮ ሲጮህ ማንም ሳይነካው ይመታል» አልኩት። እንግዳው ነቃ። እኔም ጥብስ በላሁ። ከዚያ ረሳሁት።

«ምን ያህል ነጋሪት?» አለች ልጅቱ።

«ሰባት በቅሎ ጭነት!»

በቅሎ አትወልድም ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን በስድስት ዓመት አራት ወልደው ጠበቁኝ።

«ማን ነገረዎት አያ?»

«አገር የሚያውቀውን ማን ይነግረኛል! እኔ ራሴ ዓርብ ዓርብ ሲመታ እሰማዋለሁ።»

እዚህ ላይ ምላሴን ልውጣት ደረስኩ። እኔ የፈጠርኩትን እሳቸው ሰምተውታል!

ልጅቱ አልሳቀችም። ብሌን እንደምትባል፣ የአዘዞ ልጅ መሆኗን፣ የሕንፃ ትምህርት ጨርሳ በየገጠሩ ያሉ አሮጌ ግንቦችን እየለካች እንደምትመዘግብ ነገረቻቸው። «ዛሬም የምሄደው እናንተው ዘንድ ነበር» አለች። «ግንቡን ከጣላችሁት ግን ምን እለካለሁ?»

«ምነው ልጄ? የፍየል ማደሪያ ነው እኮ። የጎንደሩ አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ንጉሡም በስሙ ይጠራል። የእኛው ንጉሥ የለው፣ ታሪኩን የጻፈለት የለ። ሲሶው ድንጋይ የእኔ አጥር ሆኗል፤ ሲሶው የጎረቤቴ በረት ሆኗል። ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

«ታሪኩን የጻፈለት ስለሌለ እኮ ነው አያ። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል አላቸው። ጉብ አምባ ላይ ማን ኖረ፣ ማን ሠራው ቢባል የሚመሰክረው ግንቡ ብቻ ነው። ዳኛ ፊት አንድ ምስክር ብቻ ቢኖርዎት እግሩን ይቆርጡታል?»

«ኧረ እቺ ልጅ! ሕንፃ ነው የተማርሽው ወይስ ጥብቅና?» አያ ህሩይ ሳቁ፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። ሙግት የሚወድ አገር ነውና ነገሩ ትንሽ ገባቸው መሰለኝ። ብሌን ግን ሳቁን ትታ ሌላ ጠየቀች።

«የት ጋ ነው የምትቆፍሩት?»

«ከምዕራቡ ማዕዘን ሥር። ከሰው ቁመት አልፏል።»

«ከመሠረቱ ሥር? በዚህ ዝናብ?» ፊቷ ተለወጠ። «አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አለ?»

«ልጄ ትዕዛዙ አለ። ድጅኖው ቢሰበርበት ነው ሌላ ልገዛ የወጣሁት፤ እሱ በዶማ እየጫረ ይጠብቀኛል።»

«ይደውሉለት አያ። አሁኑኑ ይውጣ።»

ደወሉ። ኔትዎርክ ተራራ ይወጣል እንጂ ጉድጓድ አይወርድም፤ ስልኩ አልጠራም።

ያን ጊዜ ጋቢዬን ገለጥኩ። «አያ ህሩይ፣ እኔ ዋሴ ነኝ። ነጋሪት የለም። እንግዳ ላስደስት ብዬ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በሦስት በቅሎ ነበር የጀመርኩት።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝና ጣታቸውን ቀሰሩ። «አወቅሁብህ! ልንደርስበት ስንል ብቻህን ልትበላው ነው አይደል?»

«እውነቴን ነው፣ በማርያም!»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ዋሽተህ ዛሬ ምነው እውነት ተናገርክ? ወርቁ ቢኖር ነው እንጂ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ሴትዮ «ለእኛም አካፍለን ዋሴ» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ውሸታም ሰው የሚቀጣው ሲዋሽ አይደለም። እውነት ያስፈለገው ቀን ነው።

አይከል ወርደን ቁልቁል በጭቃው ገባን። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ብሌን ከፊት ትሮጣለች፤ አያ ህሩይ ድጅኖውን ተሸክመው ይከተላሉ። ክርክሩ ግን አልተቋረጠም።

«ደግሞስ የሠራው ፈረንጅ ነው» አሉ እያለከለኩ። «የእኛ ሰው ግንብ የት ያውቃል? ለፈረንጅ ድንጋይ እኛ ምን አስጨነቀን?»

ብሌን ቆም አለች። ከሸለቆው ማዶ ኮረብታው ላይ ጣሪያቸው የወደቀ ጎጆዎች በጉም ውስጥ ይታያሉ። «ያ መንደር የማን ነበር?»

«የቤተ እስራኤሎች። ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ፣ ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። በሰማንያ ሦስት ወደ እስራኤል ሄዱ።»

«ከመንደሩ በታች ኖራ ያቃጠሉበት ጉድጓድ አለ ይባላል።»

«አለ። ልጆች ሆነን እንደበቅበት ነበር። ከአያና ጋር።» አያ ህሩይ ጥቂት ተራመዱና ዝናቡን የሚያናግሩ ይመስል ቀጠሉ። «አያና የጠራቢው ልጅ ነው፤ ባልንጀራዬ ነበር። አንድ ቀን ‹ይህን ግንብ የእኛ አያቶች ናቸው የሠሩት› አለኝ። ሳቅሁበት። የቡዳ ልጅ ግንብ አይሠራም አልኩት። ሲሄዱም አልሸኘሁትም።»

«እውነቱን ቢሆንስ አያ?»

«እንጃ ልጄ። አሁን ማን ይመሰክራል?»

ብሌን ግንቡን በጣቷ አሳየቻቸው። ደርሰን ነበር።

የምዕራቡ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ነጭ ኖራ እንደ ዱቄት ይንጠባጠባል። ብሌን መጀመሪያ ጣቷን፣ ከዚያም ክንዷን አስገባች። «ይህ የዛሬ ስንጥቅ ነው፤ ውስጡ ገና አልረጠበም። ትዕዛዙ! ውጣ!»

ከመሬት በታች የደስታ ድምፅ መጣ። «አባዬ! ባዶ ድምፅ ሰማሁ! ደረስኩበት! ድጅኖውን አቀብለኝ!»

አያ ህሩይ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ ጊዜ ጉድጓዱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። «አያ፣ ጥብስ ለመብላት ነው የዋሸሁት። ልጅዎን ያውጡት!»

«ግን ሰምቼዋለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓርብ ዓርብ ሰምቼዋለሁ።»

«የሰሙት የልብዎን ምት ነው አያ» አለች ብሌን። «ወርቅ ሲመኙ የነቃ ልብ ነው። እለምንዎታለሁ፣ እርስዎ ካልጠሩት አይወጣም።»

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ያቺን ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ አልጨረስኳትም። አያ ህሩይ ድጅኖውን ጥለው «ልጄ፣ ውጣ! ተወው፣ ውጣ!» ብለው ሲጮኹ ትዕዛዙ እጁን ጉድጓዱ አፍ ላይ አደረገ። ደረቱ ወጣ። ወገቡ ወጣ። ከዚያ ማዕዘኑ ተቀመጠ። ወደቀ አልልም፤ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጠው።

ቀኝ እግሩን የያዘውን ድንጋይ ፈንቅለን ያነሳነው በዚያው በአዲሱ ድጅኖ ነው። በቃሬዛ አይከል፣ ከአይከል ጎንደር ደረሰ፤ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ሐኪሞቹ አላተረፉትም። ከዚያ ቀን ሁሉ የከበደኝ የእሱ ጩኸት አይደለም። ቃሬዛውን ስናነሳ ለእርዳታ ከመጡት ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ወርቁን ጉድጓዱ ውስጥ በዓይናቸው ሲፈልጉ ነበር። አያ ህሩይም አዩዋቸው። የተለወጡት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ወር፣ ትዕዛዙ ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ፣ ከሌላ ወረዳ ወጣቶች ዶማ ይዘው መጡ። «ወርቁ ሲወጣ ግንቡ ፈረሰ አሉ» ይላሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ በዓይናቸው ተጠቃቀሱ። ብሌን የቀሩትን ማዕዘኖች እየለካች ነበርና ወደ እሷ ሄድኩ።

«እህቴ፣ አንድ ዘንዶ ልፍጠር? ሰባት ራስ ያለው። አንድ ሰው ዝር አይልም።»

«ዘንዶውን ደግሞ ሊገድል የሚመጣውን በምን ትመልሰዋለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ።

ወጣቶቹን የመለሷቸው አያ ህሩይ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተሰበሰበ፣ እንግዶቹንም አስቀምጠው፣ ትዕዛዙን በምርኩዙ አቆሙት።

«ወርቁ ይኸውላችሁ» አሉ ባዶውን ሱሪ እያሳዩ። «ያገኘነው ይኼን ነው። ልጅቱ በመኪና ውስጥ ‹አንድ ያለዎትን ምስክር እግሩን ይቆርጡታል?› ብትለኝ ሳቅሁ። ቆረጥኩት። እሱም የልጄን ቆረጠብኝ።»

ከዶማ ያዦቹ አንዱ «አባባ፣ ታዲያ ባዶ ድምፅ የተሰማውስ?» አለ።

«ባዶ ስለሆነ ነዋ! እኛ ነን ባዶ ያደረግነው። ማዕዘኑ ከተቀመጠ በኋላ እስከ ታች አየነው። ድንጋይ፣ ኖራ፣ ደግሞ ድንጋይ። የአያና አያቶች ከሥር ያኖሩት ይህንኑ ነው። አያና አንድ ቀን የልጅ ልጁን ይዞ መጥቶ ‹የአያቶቼ ሥራ የታለ?› ቢለኝ ጉድጓድ ነው የማሳየው? በልጅነታችን ስቄበታለሁ፤ በእርጅናዬ ደግሞ ቤቱን አፍርሼ ልጠብቀው?»

ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው የሚበጀውን ተናገሩ። ከአጥራቸው አርባ ሁለት ድንጋይ ነቅለው እንደመለሱ፣ ለበረትም ለአጥርም ድንጋይ የወሰደ ሁሉ እንዲመልስ፤ የቆመው ማዕዘን ዝናብ እንዳያጥበው የጎርፍ ቦይ እንዲቆፈር፣ ፍየል እንዳይገባ እሾህ እንዲታጠር። አንዱ ጎረምሳ «ሲሚንቶ እናምጣ» ቢል ብሌን ከኋላ ተነሥታ «ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል፤ ድንጋዩን ከሆዱ ያበሰብሰዋል። በተሠራበት በኖራ ነው የሚጠገነው» አለች። ኖራ ማቃጠል የሚያውቅ ማን ቀርቷል ተባለ። አያ ህሩይ «ከአያና አባት እያየሁ አድጌያለሁ፤ ለሦስት ልጆች አሳያለሁ» አሉ። ሙያው እንዲህ ተርፎ ለሦስት ቤት እንጀራ ይሆናል። የተማሪ ቤቱ ልጆችም አገራቸውን ከሌላ ሰው መጽሐፍ ሳይሆን ከደጃቸው ይማራሉ። መንገዱ አንድ ቀን በሰላም ሲከፈት ለእንግዳ የምናሳየው ይኖረናል። ባይከፈትም የእኛው ነው።

ዶማ ያዦቹ ዶማቸውን ተሸክመው ተመለሱ። አመኗቸው፤ እኔን ያላመነ ሰው ሁሉ እሳቸውን አመነ።

በኅዳር፣ መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት፣ ከጎንደር አንድ እንግዳ መጣ። ይዤው ወረድኩ። ትዕዛዙ በምርኩዙ ተደግፎ ኖራ ሲያማታ ነበር፤ ራሱን ነቅንቆ ሰላም አለኝ። ከዚያ በላይ አይሰጠኝም፤ አይፈረድበትም። እንግዳው ግንቡን ዞሮ አየና አዛጋ።

ምላሴ በላችኝ። ሦስት በቅሎዎች ጥርሴ ላይ ቆመው ኮቴያቸውን ደበደቡ።

«እና፣ የዚህ ግንብ ታሪክ ምንድነው?» አለኝ።

«ሦስት ማዕዘን አለው» አልኩት። «አራት ነበር። አንዱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ምንም የለም።»