የማናለብሽ የኮሌጅ ቦርሳ

— ሄሎ?... ሄሎ! ማን ልበል?... ውይ፣ ፍቅርአዲስ! ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ እኮ።... ዳንግላ የምትሠሪበት ፋርማሲ ስልክ ነው? እኔማ ማን ደወለብኝ ብዬ ደነገጥሁ።

— ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።... አዎ፣ እያሰናዳሁ ነው። አልጋው ላይ ዘርግፌዋለሁ ሁሉንም። ጎረቤታችን እትዬ ውዴም አሉ፣ ሊመርቁኝ መጥተው።... እትዬ፣ ሰላም ትልዎታለች!... «ምነው ጠፋሽ» ይሉሻል።

— ነገ ነው እንጂ፣ ረቡዕ! ጠዋት ሁለት ሰዓት የመግቢያ ፈተና፣ ከሰዓት ቃለ መጠይቅ፣ ሁሉም እዚያው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ባንድ ቀን ያልቃል።... ከጥሊሊ እንጅባራ ምን አላት? አስራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ከደረስሁ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነኝ።

— ቦርሳውማ ያንቺው ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል የያዝሽው ሰማያዊው። ዚፑ ጥርሱ ረግፏል፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ።... አትሳቂ! የአርባ ዓመት ሴት የልጇን ቦርሳ አንግታ ያየ ይሳቅ፣ አንቺ ግን አትሳቂብኝ።

— እሺ፣ ልንገርሽ ምን ምን እንደያዝሁ። የአስረኛ ክፍል ካርዴ አለ፣ ዋናውም ኮፒውም፣ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። መታወቂያ። ጉርድ ፎቶ አራት...። አዎ፣ አየሁት፣ የተጣላሁ ነው የምመስለው፤ ፎቶ አንሺው ነው «አትሳቂ» ያለኝ። እስክሪብቶ ሁለት፣ እርሳስ፣ ላጲስ። የእንጅባራን ዝናብ አላምነውም፣ ዣንጥላም ይዣለሁ። ለምሳ ቅቅል ድንችና ዳቦ፣ ጾም አይደል?... አይሸትም! ድንች ሸተተኝ ያለ ሰው አገር ይልቀቅ!

— ሌላማ... ያው ማሯ ናት።... ማር! ማር ነዋ! እትዬ ውዴ ከቀፏቸው የቆረጡት፣ ነጩ። አንድ ጣሳ ሙሉ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌዋለሁ።

— ለማንማ? ለመምህራኑ! ባዶ እጄን ልግባ እንዴ? ያውም ትልቅ ደጅ፣ ያውም ልለምን...። ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ኔትወርኩ ነው?

— ምን አልሽ?... ጉቦ? በስመ አብ! ኧረ አፍሽን ያዢ! እኔ ነኝ ጉቦ ሰጪ? እጅ መንሻ እኮ ነው! አያትሽ ነፍሱን ይማረውና ዳኛም ጋ ቢሆን፣ ቄስም ጋ ቢሆን፣ እጁን እያወዛወዘ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም።

— ... እ...። እሱስ... አዎ፣ ከፈተናው በፊት ነው ልሰጣቸው ያሰብሁት።... እ...። ሌሎቹ ተፈታኞች ሲያዩኝ... ውይ ጉዴ! አሁን ገባኝ። ባልፍ እንኳ «በማር አለፈች» ሊሉኝ ነዋ!

— እትዬ፣ ማሩን ያውጡልኝማ።... ከቦርሳው ውስጥ። ኧረ አልናቅሁብዎትም፣ በሞቴ! ጉቦ ይመስላል ትላለች ልጅቱ።... አዎ፣ ማር።... እኔም ገርሞኛል፣ ምን ላድርግ።... ይውሰዱት፣ ለቤትዎ።... እሺ፣ ማታ መጥተው ይመርቁኛል።

— አኮረፉ፣ ጣሳቸውን አቅፈው ወጡ። በኋላ ይቅርታ እላቸዋለሁ።

— ምንም አልሆንሁም።... ድምፄ? ጉንፋን ነው።... ኧረ ደህና ነኝ አልሁሽ!

— ... ፍቅርዬ፣ ብቻዬን ነኝ አሁን። ልንገርሽ። አምና ይህንኑ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ፈተና ወደቅሁ ብዬሽ አልነበር?... አልወደቅሁም። አልተፈተንሁም።

— ሄጃለሁ እንጂ! ኮሌጁ በር ድረስ። ጥበቃው ቦርሳዬን እየፈተሸ «እናቴ፣ ልጅዎን ሊያስፈትኑ ነው?» አለኝ።... የለም፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ አክብሮኝ ነው። ከኋላዬ እነዚያ ለጋ ለጋ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል። «ተፈታኟ እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። «አዎ» አልሁት። «እንግዲያው ወላጅ ዛፉ ሥር ነው የሚጠብቀው» አለኝ። ሄጄ ተቀመጥሁ።

— ቀኑን ሙሉ! ከወላጆቹ ጋር ምሳዬን በላሁ። «የእርስዎዋ የትኛዋ ናት?» ሲሉኝ «ያቺ ረጅሟ» አልኋቸው። የማላውቃትን ልጅ! ስትወጣም «አለፈች መሰለኝ፣ ፊቷ በርቷል» አሉኝ፣ አመሰገንኋቸው።

— አታልቅሺ።... የኔ ዓለም፣ ሥራ ላይ ነሽ፣ መድኃኒት ገዢ ያይሻል። ከሁሉ ያንገበገበኝ አንቺን መዋሸቴ ነው።

— ዘንድሮማ እንዴት ልተወው? አስር ዓመት ሙሉ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሞግዚት ሆኜ ንፍጥ ጠርጌያለሁ። ከገጠር የሚመጡት ሕፃናት አማርኛ አይሰሙ፣ መምህሯ አገውኛ አትሰማ፤ ባለቀሱ ቁጥር «ማናለብሽ፣ ነይማ!» እባላለሁ። የራባቸውን፣ ያመማቸውን እኔ ነኝ የምነግራት። ጸጥ ሲሉልኝ ደግሞ «በይ፣ አሁን ውጪ፣ ላስተምርበት» ትለኛለች። መውጣቱ ሰለቸኝ ልጄ። እኔም ላስተምር።

— ምን?... ነገ ልትመጪ?... ማን ይፈቅድልሻል?... አይ። አይ፣ አትምጪ።

— አትቆጪ፣ ስሚኝ! አስቀየምሽኝ ብዬ አይደለም። አንቺ አጠገቤ ከቆምሽ ጥበቃው ተፈታኟ አንቺ ነሽ ብሎ ነው የሚያስገባሽ።... አውቃለሁ፣ አንቺ ትነግሪዋለሽ። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። አምና በሰው ልጅ ነው የዋሸሁት፣ እሱም ሆዴን ሲበላኝ ከረመ። አንቺ ግን የእውነት ልጄ ነሽ። «ልጄ ናት» ብል ውሸት እንኳ አይሆንብኝም፤ እፎይ ብዬ ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ።

— አዎ።... አዎ፣ እናቴ። እዚያው ዳንግላ ሁኚልኝ። በሩን ብቻዬን ልለፈው።... እሺ፣ ስወጣ እደውልልሻለሁ።... በይ ደህና ዋይ። ዝጊው።... አንቺ ዝጊው እንጂ!... እሺ፣ እኔው ልዝጋው።