ፊሽካው ትክክል ነበር

ክቡር ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሐዲድ ጥገና ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለገዛችሁልኝ ባለመደገፊያ ወንበርም አመሰግናለሁ። አርባ አንድ ዓመት አቁማችሁኝ ስታበቁ ዛሬ «ቁጭ በል» ማለታችሁ ነው፤ ገብቶኛል።

ስሜን ትታችሁ «ጆሮው» ትሉኛላችሁ። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ብሎን ስታጠብቁ፣ እኔ ቆሜ ባቡር አዳምጣለሁ። የባቡር ጡሩምባ ሲመጣ ቀጭን ነው፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ይህንንማ መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ይሰማዋል። የኔ ሙያ ሌላ ነው። ባቡሩ ቆሞ ሲነፋ ድምፁን አውቀዋለሁ። ከዚያ ከቀጠነ እየመጣ ነው፣ ከዚያ ከወፈረ እየሄደ ነው። አንዴ መስማት ይበቃኛል። «ውጡ!» ስል ትወጣላችሁ፣ «ሥሩ!» ስል ትሠራላችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ በኔ ጆሮ ያልዳነ ማን አለ? ልኩራበት፤ ይገባኛል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

በር አጠገብ የተቀመጠውን የመጋዘን ሠራተኛ ታውቁታላችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባንዲራ ያዣችን ነበር። ኮረብታው ሥር ባለው ጠመዝማዛ ላይ ስንሠራ እሱ ከማዶ ቆሞ ባቡር ሲመጣ ያስጠነቅቀናል። ያን ዕለት ጉም ነበር፤ ባንዲራ አይታይም፤ ስለዚህ ፊሽካ ይዟል። አንድ ባቡር በጎናችን ባለው ሐዲድ አልፎን ወደሱ አቅጣጫ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ጡሩምባ ተነፋ፤ ወዲያው የሱ ፊሽካ ጮኸ።

አጠገቤ ሐዲድ የሚበይደው በያጃችን ቀና አለና «ጆሮው፣ እንውጣ እንዴ?» አለኝ።

«ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቅድም ያለፈን ባቡር ነው። ይሄ ሰውዬ ለሄደ ባቡር ነው የሚነፋው! ሥራ!» አልኩት።

ሠራ። ባቡሩ ከጉሙ ሲወጣ ሁላችንም ዘለልን። በያጁ እግሩ ተሰበረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

መርማሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ባንዲራ ያዡ «ለሚመጣው ነው የነፋሁት» አለ። እኔ «ለሄደው ነው የነፋው፣ ለመጣው ተኝቷል» አልኩ። ማንን አመኑ? ጆሮውን። እሱን መጋዘን አስገቡት። እኔ ደግሞ እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት በሰላም ተኛሁ።

ባለፈው ወር አዲሷን መሐንዲስ «ልጄ፣ ለመሆኑ ድምፁ ለምንድነው የሚቀጥነው?» አልኳት። ወረቀት አወጣች። «ወረቀቱን ተይው፣ እኔና ፊደል አንተዋወቅም» አልኳት። ሳቀችና ግቢው ውስጥ ሠራተኞች ሰበሰበች።

«አባባ፣ እዚያ ይቁሙ። እኔ በየአስር ቁጥሩ አንድ ሰው እልክልዎታለሁ። የሁሉም እርምጃ እኩል ነው፤ እርስዎ ይቁጠሩ።»

ቆማ ስትልክ በየአስሩ ደረሱኝ። ወደኔ እየተራመደች ስትልክ በየስምንቱ ደረሱኝ። እየራቀችኝ ስትልክ በየአስራ ሁለቱ። ሰዎቹ አልፈጠኑም፣ አልዘገዩም፤ የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት። «ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ምት በምት ይመጣል። ምቱ ሲጠጋጋ ይቀጥናል፣ ሲራራቅ ይወፍራል» አለችኝ። አርባ አንድ ዓመት የሰማሁትን በግማሽ ሰዓት አሳየችኝ።

«አሁን ዞር ይበሉ፤ እኔን አይዩ» አለች። ዞርኩ። ሰዎቹ በጎኔ ሲያልፉ ቆጠርኩ፤ አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለት።

«እየራቅሽኝ ነው!» አልኩ በኩራት።

«ዞር ይበሉ።»

ዞር ስል አፍንጫዬ ሥር ናት!

«እየመጣሁ ነበር አባባ። በየአስር መላኬን ትቼ በየአስራ አምስት አደረግሁት። ሲነሣ በስንት እንደተላከ ካላወቁ፣ በደረሰው ብቻ መፍረድ አይቻልም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ የጉሙ አደጋ ትዝ አለኝ፤ አዲሱ ዓይነት ባቡር ሥራ የጀመረው አደጋው በደረሰበት ሳምንት ነው። ያኔ ቆሞ ሲነፋ አንድም ቀን አልሰማሁትም ነበር። ከመሐንዲሷ ተለይቼ በቀጥታ ነጂው ዘንድ ሄድኩና «እስቲ ቆመህ ንፋልኝ» አልኩት። ነፋ። ከሥሩ ወፍራም ነው! እየመጣ ቀጥኖም እንኳ ከድሮዎቹ ይወፍራል። ጉም ውስጥ የሰማሁት እሱን ነበር፤ ወደኛ ሲመጣ።

ትናንት መጋዘን ሄጄ ለባንዲራ ያዡ ነገርኩት። አካፋ እየደረደረ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ለኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ልጄ ናት ‹አባዬ፣ እውነት ተኝተህ ነበር?› እያለች የምትጠይቀኝ። ለሰው ይንገሩ።»

ልክ ነው። ያሳጣሁት በሰው ፊት ነው፤ ጓዳ ገብቶ ይቅርታ ወንድ አያሰኝም። ስለዚህ ስሙኝ። ወንድሜ አልተኛም። በጊዜው ነፍቷል፣ ለትክክለኛው ባቡር ነፍቷል። የተሳሳተው ይህ ጆሮ ነው። በያጁም ወንድሜ፣ ለእግርህ ይቅር በለኝ። ብትል ባትል መብትህ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ጸሐፊያችን የምናገረውን ቃል በቃል እየጻፈች ነው። አታሳምሪው ብያታለሁ። ወረቀቱ የሱ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ አንዱን ቅጂ ለልጁ ይውሰድላት። ወደ ሐዲድ ልመለስ ካለ ይመለስ፤ አልፈልግም ካለም ማንም አይጨቅጭቀው።

በኔ ቦታ የምትቆም ሁሉ፣ ድምፁ ቀጠነ ወፈረ ብለህ አትፈላሰፍ። ፊሽካ ከተነፋ ሰው አውጣ። ባቡሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው አምስት ደቂቃ ነው።

በሉ፣ በእግሩ የወጣ በእግሩ ቤቱ ይግባ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ሥራችሁ ይቃና፣ ጉም ሲወርድባችሁም የሚያስጠነቅቅ ወንድም አይጥፋባችሁ፤ የሚያምነውም ሰው አይጣ።

ጸሐፊ፣ ጨረስሽ? ቀለሙን አምጪው። አውራ ጣቴ ይኸው።