ለሣር ክዳን የተደረሰ ለቅሶ

ከዳንግላ ገበያ ስንመለስ፣ ጋሪው ላይ አንዲት ሴት ከጎኗ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቀች።

«አባባ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ቆርቆሮ ሳይለብስ ቀረሳ?»

«ያ እኛ መንደር የተጠጋው ስደተኛ ግሪክ መሐንዲስ መች አስለበሰን!»

«እሱ ምን አገባው?»

«የድሮ ሥራ ሲፈርስ አይወድም። ሣሩን ማንሳት ስንጀምር ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።»

«ለሣር?»

«ለሣር! ዘመድ የሌለው ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ዝም አይባል፤ ሥራውን ትተን ለቅሶ ደረስነው።»

«‹እግዜር ያጥናህ› አላችሁት?»

«አልነው እንጂ። ሴቶቹም ንፍሮ ቀቅለው መጡ። በሦስተኛው ቀን ይበቃል ብለን መሰላሉን ስናነሳ፣ እንደ አዲስ አለቀሰ።»

«ተመልሳችሁ ተቀመጣችሁ?»

«ምን እናድርግ! በዚህ መሃል ክረምቱ ገባ፤ ሣሩን እሱው ራሱ እያቀበለን መልሰን ከደንን።»

ለጎጆዬ የገዛሁትን የቆርቆሮ ምስማር ቀስ ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁት።