የፍልሰታው ፓንች

በእኛ ጊዜ ወረታ ላይ ድግስ ማለት ጠላና አረቄ ነበር፤ ለማይጠጣ ሰው ውሃ ነው። ፓንቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አትሳቁ፣ እኔ ነኝ! ዩኒቨርሲቲ ስማር ክረምት ክረምት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል እሠራ ነበር፤ እዚያ ነው የለመድሁት። ፓፓያውን ትፈጨዋለህ፣ ብርቱካን ትጨምቅበታለህ፣ ሙዝ በስሱ ትከትፍበታለህ፣ ስኳር፣ ከዚያ እንዲወፍር የጣሳ ወተት። ታዲያ በዚያ ግንባሩ አገር በሚገዛበት ዘመን ድግስ ያለው ሁሉ "ፈንታሁንን ጥሩት" ይላል። በግብርና ትምህርቴ ማንም አልጠራኝም፤ በፓንች ተጠራሁ!

ይኸውላችሁ፣ አቶ ምናለ የሚባል የግብርና መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል በስሜ ቢመጣልኝ፣ "አባል ያልሆነ ሰው ተምሮ ምን ይሠራልናል?" ብሎ ስሜን ሰርዞ የሚስቱን ወንድም ላከበት። ሄጄ ጠየቅሁት። "አንተ ፈንታሁን፣ የተማርኸው አይበቃህም? ሩዙ እንደሆን ያለ ዲግሪም ይበቅላል" አለኝ፣ ሰው እየሰማ። ሰው እየሰማ! ይህን አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

ታዲያ ሴት ልጁ ተመረቀችና በፍልሰታ ደገሰ። ራሱ መጣ፣ እየሳቀ። "ወንድምዓለም፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ የሚጠጣው፣ ያንን ነገርህን ሥራልን።" እምቢ ማለት እችል ነበር፤ እሺ አልሁ። እና ጠዋት ጓዳቸው ገብቼ በትልቁ ድስት ስሠራ፣ ወተቱ መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጦ ነበርና እጄ እንደለመደው ሁለት ጣሳ ገለበጠበት። ገልብጬ ሳበቃ ነው "ወይኔ፣ ጾም!" ያልሁ።

ልደፋው ተነሣሁ። እውነቴን ነው፣ ተነሥቼ ነበር። እና ቆምሁ። "ይጠጡት" አልሁ በሆዴ። "ሁሉም ይጠጡና ወተት አለበት ብዬ እናገራለሁ። ድግሱ የእሱ፣ ወተቱ ከእሱ ጓዳ፤ እንግዳውን በፍልሰታ ያስገደፈ ምናለ ሲባል ይኑር!"

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሰው ከቅዳሴ መጣ፣ አፉ ደርቆ። ታዲያ መጀመሪያ ማን ይቅረብ? የምናለ እናት፣ እማሆይ። ከቁሐር ሚካኤል ያንን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው ተሻግረው። ቆብ ከጫኑ ጀምሮ ጾም ገድፈው አያውቁም። ኩባያውን ተቀበሉና፣

"ልጄ፣ የጾም ነው?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው።

"የጾም ነው፣ እማሆይ" አልሁ።

ጠጡት። "አይ ጣዕም! ወተት ወተት ይላል እኮ!" ብለው ሳቁ። "እስቲ ድገምልኝ፣ እጅህ ይባረክ።" ደገምሁላቸው፤ በዚህ በእጄ። ከዚያ ጠጋ አሉና፣ "ምናለ ልጄ ትምህርቱን የነጠቀው አንተን ነው አይደል? ሰምቻለሁ። የሰው ዕንባ ይፈርድብሃል ብዬ ብመክረው አልሰማ አለኝ። ዘንድሮ ሱባኤ የገባሁት በዚህ ነው፤ አንተን እንዲክስህ፣ እሱን ይቅር እንዲለው" አሉኝ።

ድስቱ እስኪያልቅ መቅዳቴን ቀጠልሁ። ሰው ሁሉ ጠጣ፣ መረቀ፣ ሄደ፤ እኔ ትንፍሽ አላልሁም። ምናለ እንኳ መጥቶ "ጎበዝ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገው። እማሆይ በዓመቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰው "አንድ ቀን ጾም ሳይገድፉ" እያለ ሲያለቅስ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ። ምናለን ዛሬም አልማርሁትም። ግን ተበደልሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርበት ነገር ከዚያን ቀን ወዲህ የለኝም።

"ጋሼ ፈንታሁን፣ ይህን ለእኛ የነገሩንን ለንስሐ አባትዎ አልተናገሩም?"

"ስለ ምናለማ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!"

"ስለ እማሆይስ?"

"የእማሆይንማ ገና ዛሬ ነው ከአፌ ያወጣሁት፣ ለእናንተ።"

"እንግዲያው ይነሡ ጋሼ። አባ ቤታቸው ናቸው፤ እኔ አደርስዎታለሁ።"